መምህር ሚክያስ ሦስቱን ጫፎች ሊወጡ የተነሡበት ቀን

መምህር ሚክያስ ሎላሞ በሕይወታቸው ያለ መርሐ ግብር የፈጸሙት ነገር ቢኖር ባለፈው ሐምሌ በጓሯቸው አድጧቸው መውደቃቸው ነው። የወደቁት ከእንሰቱ ሥር፥ ጭቃው እንደ ገንፎ በላላበት ስፍራ ሲሆን፥ በጀርባቸው ተንጋለው ግማሽ ሰዓት ያህል ዝናብ ወረደባቸው። መጮኽ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በርእሰ መምህርነት ሲያገለግሉ «ያለ በቂ ምክንያት መጮኽ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ በየክፍሉ ደጃፍ በገዛ እጃቸው የለጠፉ ሰው ናቸውና፥ ምክንያታቸው በቂ መሆን አለመሆኑን ሲያመዛዝኑ ቆዩ። በመጨረሻ ጎረቤታቸውና የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ሐጂ ናስረዲን፥ በአይሱዙ መኪና ከሆሳዕና አዲሎ ሲመላለሱ ያረጁት ሾፌር፥ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ምነው መምህር፥ ሰማዩን ልትፈትነው ነው?»

ወሬው ከዱራሜ አዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ሰዓት አልፈጀበትም። የመምህሩ አንድያ ልጅ ጣቢታ ማታውኑ ደወለች።

«አባዬ፥ በቃ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻህን መሆንህ እንቅልፍ ነስቶኛል። መስቀል እንዳለፈ መኪና እልካለሁ፤ እኔ ጋ ትኖራለህ።»

«ቤትሽ አራተኛ ፎቅ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ሊፍት አለው?»

«ገና አልተገጠመለትም።»

«በገዛ ጓሮው መቆም ያቃተው ሽማግሌ በቀን ሁለት ጊዜ አራት ፎቅ እንዴት ይወጣል? አራት ፎቅ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በገዛ ጓሮው መኖር እንዴት ያቅተዋል? ከሁለቱ አንዱን ምረጪ።»

ጣቢታ የአባቷ ልጅ ስለ ሆነች ከሁለቱ አንዱንም አልመረጠችም። ክርክሩ ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ በውል ተቋጨ። መምህር ሚክያስ የአምበሪቾን ተራራና ከኋላው የተሰለፉትን ሁለት ጫፎች በአንድ ቀን ወጥተው፥ ከየጫፉ ፎቶግራፍ ልከው፥ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ቤታቸው ከገቡ፥ ጣቢታ ስለ አዲስ አበባ ዳግመኛ አታነሣም። ካልሆነላቸው ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ። መምህሩ ይህን በደብተራቸው ጽፈው በስልክ አነበቡላት፤ እርሷም ቃል በቃል እንድትደግምላቸው አደረጉ።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ለእርሳቸው ቀልድ አልነበረም። በዱራሜ መንገድ ላይ ሲያልፉ ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ሲጋራቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ። በአራተኛ ፎቅ ላይ ማን ምን ይደብቅላቸዋል? በዚያስ ላይ እዚያ አጥር የለም፤ አጥር ከሌለ በአጥር ላይ ብቅ የሚል ናስረዲንም አይኖርም።

ቀኑ መስከረም ዐሥር ሆነ፤ ክረምቱ ሊወጣ አንድ እግሩን ከደጃፍ ያወጣበት፥ ሁለተኛውን ግን ገና ያላነሣበት ሰሞን። መምህር ሚክያስ ለጉዞው ያወጡት መመሪያ የመጀመሪያ ተራ ቁጥሩ «አለባበስ፦ ንጹሕና የተሟላ» ይላል። ስለዚህ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፥ ከረባታቸውን አጥብቀው፥ ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ሐጂ ናስረዲንም በጓደኛቸው ትእዛዝ የዒድ ኮታቸውን ለብሰውና ነጭ ቆባቸውን ደፍተው ብቅ አሉ።

«ተራራ ነው የምንወጣው ወይስ ፍርድ ቤት ነው የምንቀርበው?» አሉ ናስረዲን።

«ሰው በየትኛውም ከፍታ ላይ ሰው ነው። ቁርስ በልተሃል?»

«ጠብታ ሻይ። ሁለተኛው ተራ ቁጥር ‘ምግብ፦ ከጉዞው በኋላ’ ይላል ብለህ አስፈራርተኸኝ የለ?»

የአምበሪቾ ደረጃ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት እንደ ሆነ ይነገራል። መምህር ሚክያስ ግን ያልቆጠሩትን ቁጥር አያምኑም። «አንድ፥ ሁለት» እያሉ ጀመሩ። ችግሩ በዚያ አገር ሰው ከሰው ጋር ተገናኝቶ ዝም ብሎ አይተላለፍም፤ የልጁን፥ የከብቱን፥ የእርሻውን፥ የታመመውን አክስት ደኅንነት ሳይጠይቅ ማለፍ ነውር ነው። መቶ አርባ ሁለት ላይ አንዲት ሴትዮ አስቆሟቸው። እንደገና ገምተው ከቀጠሉ በኋላ ሦስት መቶ ስድስት ላይ የቀድሞ ተማሪያቸው ላሙ መውለዷን አበሠራቸው። አምስት መቶ ገደማ ሲደርሱ ደግሞ ናስረዲን ከኋላ ሆነው «ስድስት መቶ ዐሥራ ዘጠኝ፥ አራት መቶ ሦስት፥ ዘጠና!» እያሉ ጮኹባቸው።

«ናስረዲን! ሥርዓት!»

«ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ከተባለ ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ነው። ደረጃውን ስትጠራጠረው ጉልበቴ ይጠራጠራል፤ ሂድ!»

ልክ በሦስት ሰዓት ከአምበሪቾ ጫፍ ቆሙ። ደመናው ከበታቻቸው እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ተዘርግቷል። ናስረዲን በስልካቸው ፎቶግራፍ አንሥተው ላኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። «ሐጂ፥ አባዬ የታለ? የሚታየኝ አውራ ጣት ነው።» በድጋሚ ተነሡ። መምህሩ በደብተራቸው «ቁጥር አንድ፥ ተፈጽሟል» ብለው ጻፉ። ለሌሎቹ ሁለት ጫፎች የአካባቢው ሰው የየራሳቸውን ስም ሰጥቷቸዋል፤ በመምህር ሚክያስ ደብተር ግን ቁጥር ሁለትና ቁጥር ሦስት ናቸው።

ወደ ቁጥር ሁለት የሚወስደው መንገድ በጠባብ ሸለቆ ወርዶ በአንድ ቆርቆሮ ቤት ግቢ መካከል ያልፋል። ከግቢው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሮጠው ከቤቱ በረንዳ ሥር ተጠጉ። በሩ ተከፈተና ሃምሳ ዓመት የዘለለው ወፍራም ሰው ብቅ አለ። መምህር ሚክያስን ባየ ጊዜ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቀጥ አለ።

«መምህር! ቲቶ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ያስደገሙኝ።»

«አንድ ጊዜ ነው ያስደገምሁህ። ሁለተኛውን ራስህ ነው የደገምኸው።»

«እውነት ነው። ይግቡ፥ ሐጂም ይግቡ። ይቀመጡ!»

ገቡ፤ ግን መምህር ሚክያስ ሰዓታቸውን አይተው አራት ሰዓት መሆኑን ተረዱ። እዚህ አገር አንድ ጊዜ ከተቀመጡ ምግብ ይመጣል፤ ምግብ ከመጣ ሳይጠግቡ መነሣት የለም፤ ከጠገቡ በኋላ ደግሞ ቁጥር ሁለትን የሚወጣ የለም። ስለዚህ ከበሩ ገባ ብለው በጃንጥላቸው ተደግፈው ቆሙ።

«አንቀመጥም» አሉ በርእሰ መምህር ድምፅ። «እህል ውሃም አንቀምስም። የተነሣንበት ጉዳይ አለ፤ እርሱ ሳይፈጸም አይሆንም።»

የቲቶ ፊት ተለዋወጠ። አንድ ጊዜ ሱፋቸውን፥ አንድ ጊዜ የሐጂን ነጭ ቆብ፥ አንድ ጊዜ ከረባታቸውን ተመለከተ። «እ... ገብቶኛል መምህር» አለ በለሆሳስ። «ገብቶኛል። ብቻዬን የምሰማው ነገር አይደለም፤ ወንድሞቼን ላስጠራ።» ወደ ጓዳ ገባ። ከጓዳው የሴቶች ሹክሹክታ፥ ከዚያም የዕቃ መንኳኳት ተሰማ።

«መንገዱን ለማሳየት ወንድሞቹን መጥራት ለምን አስፈለገው?» አሉ መምህር ሚክያስ።

ናስረዲን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዝናቡ አላባራም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወንድሞች፥ አማቾች፥ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይና ሁለት አሮጊቶች ነጠላቸውን በወግ አጣፍተው ገቡ። ሁሉም መምህር ሚክያስን እየጨበጡ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ማንም አልተቀመጠም። ሽማግሌ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥም፤ ባለቤት ቆሞ ዘመድ አይቀመጥም። በዚያ ሳሎን ውስጥ ከሁለቱ እንግዶች ሌላ ዐሥራ ዘጠኝ ሰዎችና ዐሥራ ሁለት ባዶ ወንበሮች ነበሩ።

ያኔ ናስረዲን ወደ ጓደኛቸው ጆሮ ተጠጉ። «አንተ ሚክያስ። ሁለት ሽማግሌዎች፥ በሱፍና በኮት፥ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን አንዱ ከመስጊድ፥ በጧት መጥተው ‘ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም፥ እህል አንቀምስም’ ካሉ ምን ይባላሉ?»

መምህር ሚክያስ ጥያቄውን እንደ ማንኛውም ጥያቄ በቅደም ተከተል መረመሩት። ከዚያ በግድግዳው ዙሪያ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ልጅ ሊጠይቁ የመጡ አማላጆች።»

«ሙሉ ነጥብ።»

«አሁኑኑ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ሐሰት ነው።»

«ንገራቸው። ‘ልጃችሁን ሳይሆን መንገዳችሁን ነው የፈለግነው’ በላቸው፤ በዘመዱ ሁሉ ፊት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ በአንጋጫ ገበያ እንዴት እንደምታልፍ አስብ።»

መምህሩ አፋቸውን ከፍተው ሳሉ ሐዳሳ የተባለችው የቲቶ ልጅ ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጣች። በጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ዓይኗ የሠላ። ብርጭቆውን ስታቀርብ አንገቷን ሰብራ በሹክሹክታ ተናገረች።

«መምህር፥ ሊያገባኝ ከሚፈልገው ከአዶናይ ቤት እንዳልመጣችሁ አውቃለሁ። አባቱ ሽማግሌ ሊልኩ ቃል ገብተው ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ ታመመ፥ ሌላው ተኮራረፈ። ይኸው ከፋሲካ ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው። አባቴም ተናድዶ ‘ከባድ ሽማግሌ ካልመጣ አልሰማም’ ብሏል። ከእናንተ የከበደ ከየት ይመጣል? እባክዎ፥ አይናገሩብኝ።»

«ልጄ፥ ያልተላከ ሰው ተልኬአለሁ አይልም።»

«እንግዲያው ይላኩ።» በብርጭቆው ሥር ትንሽ ወረቀት አስጨበጠቻቸው። የስልክ ቁጥር ነበረበት። «እዚህ ኔትወርክ የለም። የሚገኘው ከላይ ነው፤ ከጫፉ።»

ከጫፉ ማለት ቁጥር ሁለት ነው። መምህር ሚክያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ቲቶ፥ ክቡራን ዘመዶች። ከላኪዎቻችን ጋር የምንነጋገረው ጉዳይ አለ። ጥቂት ጊዜ ስጡን፤ እንመለሳለን።»

«ቆመን እንጠብቃለን» አለ ቲቶ። ናስረዲን ዐሥራ ሁለቱን ወንበሮች በኀዘን ተመለከቱ።

ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ቀርቷል። ቁጥር ሁለት ደረጃ የለውም፤ ያለው ሣር፥ ድንጋይና ጸሎት ነው። መምህሩ ሁለት ጊዜ ተንሸራተው በጃንጥላቸው ተረፉ። ናስረዲን አንድ ጊዜ ተንሸራተው በጓደኛቸው ከረባት ተረፉ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ከጫፉ ሲቆሙ መምህር ሚክያስ ትንፋሻቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ደወሉ።

«ሃሎ። የአዶናይ አባት ነዎት? እኔ ሚክያስ ሎላሞ እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ ርእሰ መምህር ነኝ። ሽማግሌ ልከዋል?»

«ማን ልበል?» አለ አባትየው ካሉባት ከአዲሎ ግራ የተጋባ ድምፅ።

«ነግሬዎታለሁ። ወደ አቶ ቲቶ ቤት ሽማግሌ ልከዋል ወይስ አላኩም?»

«ኧረ አላክሁም፤ ሰዎቼ...»

«አሁን ይላኩ። እኛ አለን። አንድ የወንጌል አማኝ፥ አንድ ሐጂ፤ ሁለታችንም ንጹሕና የተሟላ ለብሰናል።»

ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ከሽምግልና ይልቅ የተማሪ ምዝገባ ይመስል ነበር። መምህሩ ደብተራቸውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጠየቁ። የልጁ ዕድሜ? ሃያ ሰባት። ሥራ? ሆሳዕና የላቦራቶሪ ባለሙያ። ይጠጣል? ለስላሳ። ስምንተኛ ክፍልን ስንት ጊዜ ወሰደ? አንድ ጊዜ። አባትየው በመጨረሻ ነገሩ ሲገባቸው ድምፃቸው ተሰበረ። «እግዚአብሔር ነው የላካችሁ» አሉ።

«እግዚአብሔርን ተዉት፤ እርስዎ ነዎት የላኩን። ይድገሙልኝ።»

«እኔ ነኝ የላክኋችሁ።»

መምህሩ ስልኩን ዘግተው ጻፉ፤ ናስረዲን ፎቶግራፍ አነሡ፤ በዚህኛው አውራ ጣት አልነበረም። «ቁጥር ሁለት፥ ተፈጽሟል።» ከዚያ ሁለቱም ቀና ብለው ቁጥር ሦስትን ተመለከቱ። ሰማዩ ጠርቶ ጫፉ በእጅ የሚነካ ያህል ቀርቦ ይታይ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሄዱ ይደርሳሉ፤ በአቋራጭ ቢወርዱ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ቤታቸው ናቸው። ወደ ቲቶ ቤት ከተመለሱ ግን ዛሬ ቁጥር ሦስት የለም።

«እነርሱ እስከ ማታ ይቆማሉ» አሉ ናስረዲን ቀስ ብለው። «ነገ ተመልሰን እንዲህ ሆነ ብለን እንነግራቸዋለን። ጉዳዩ የቤትህ ጉዳይ ነው፥ ሚክያስ። የምቀልድ እንዳይመስልህ።»

መምህር ሚክያስ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሽማግሌ ‘እመለሳለሁ’ ብሎ ወጥቶ ከቀረ ምን ማለት ነው?»

«ልጅቷ ተንቃለች ማለት ነው።»

«እንግዲህ።»

«እንግዲያው ሌላ ዘዴ አለኝ። እዚሁ ዙርና በወዲያኛው በኩል ላንሣህ። ተራራ ለፎቶግራፍ አንድ ነው፤ ጣቢታ በምን ታውቃለች?»

«ናስረዲን፥ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ፈተና የሰረቁ ስንት ተማሪዎች አባረርሁ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«መቶ አራት። መቶ አምስተኛው እኔ አልሆንም።» ጃንጥላቸውን አንሥተው ቁልቁል ወረዱ። ናስረዲን ከኋላቸው «ሆዴም ከመቶ አራቱ አንዱ ነው፤ በረሃብ አባረርኸው» እያሉ ተከተሉ።

ሲመለሱ ዐሥራ ዘጠኙም እንደ ቆሙ ነበሩ፤ ከአሮጊቶቹ አንዷ ብቻ በግድግዳው ተደግፋ ታንኮራፋለች። መምህር ሚክያስ በበሩ መካከል ቆመው ስማቸውን፥ የጓደኛቸውን ስም፥ የላኪውን ስምና የተላኩበትን ሰዓት ሳይቀር አስታወቁ፤ ከሰዓቱ በፊት ግን መንገደኞች ብቻ እንደ ነበሩ አልደበቁም። አንድ ቃል ሐሰት አልነበረበትም። ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ ቲቶ ሳቀ፤ ሳቁ ከወንድም ወደ አማች ተላለፈና አሮጊቷን ቀሰቀሳት።

«ታዲያ መምህር፥ በመንገድዎ ሲያልፉ ነው ልጄን የጠየቁኝ?»

«በመንገዴ ሳልፍ ነው። ወጥቼ ተመልሼ ነው ግን የጠየቅሁህ።»

ቲቶ ሳቁን ዋጠ። በወጉ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። ቀጠሮ ይሰጣል፥ ሽማግሌ ይመላለሳል፥ ጫማ ያልቃል። «መምህር፥ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ልሰጥዎ አስቤ ነበር» አለ እጁን እንደ ተማሪ አጣምሮ። «ነገር ግን እርስዎን ደጃፍ ላይ አቁሜ ስንት ሰዓት ሆነ! ልጄን ሰጥቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር፥ አሁን ይቀመጡ!»

ያን ጊዜ በዚያ ሳሎን ዐሥራ ሁለት ወንበሮች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ቆጮው፥ አይቡና ጎመኑ ቀረበ። ለሐጂ ሥጋ ያልነካው ሳሕን ለብቻው መጣላቸው፤ እርሳቸውም ከሌላው ሰው በላይ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ሐዳሳ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። መምህር ሚክያስ ቀና ሲሉ ዓይኗን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። እርሳቸውም ሰዓታቸውን ማየት አቆሙ።

ቤታቸው የደረሱት በአንድ ባጃጅ፥ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። መምህር ሚክያስ ከረባታቸውን ሳይፈቱ ለጣቢታ ደወሉ።

«ሁለት ነው የወጣሁት» አሉ። «ሦስተኛውን አልወጣሁም። ውሉ ውል ነው።»

ጣቢታ እንዳሸነፈች ሰው ደስ አላላትም። «ደከመህ አባዬ? ወድቀህ ነው?»

«አልወደቅሁም። ልጅ ስድር ነው የዋልሁት።» ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል አስረዷት። መጨረሻ ላይ ጣቢታ ስትስቅ እንደ ነበረች ከአፍንጫዋ ድምፅ ታወቀ።

«እሺ፥ ሠርጉ መቼ ነው?»

«በጥር።»

«እንግዲያው መኪናውን ከጥር በኋላ እልካለሁ። ሽማግሌው ሠርጉ ሳይደርስ አገር ለቆ ሄደ አይባልም።»

በዚህ ጊዜ ናስረዲን በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ሰምተው ነበርና አንገታቸውን ወደ ስልኩ አስግገው ጮኹ። «ጣቢታ ልጄ! ከጥር በኋላም ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚከሰሰው እኮ ያጋባቸው ሽማግሌ ነው! እርሱ ከሌለ ወደ ማን ደጅ ሊሄዱ ነው?»

«ስንት ዓመት ያህል ይጣላሉ፥ ሐጂ?»

«ትዳር ነው ልጄ፤ ልኩን አላህ ያውቃል!»

ጣቢታ ከት ብላ ሳቀች፤ ስለ መኪናውም ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገረችም። መምህር ሚክያስ ስልኩን ዘግተው ደብተራቸውን ከፈቱ። ከ«ቁጥር ሦስት» አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ አስጨነቃቸው፤ ባዶ ቦታ አይወዱም። ብዙ ካሰቡ በኋላ በጥንቃቄ ጻፉ፦ «በሌላ ሥራ ምክንያት ወደሚቀጥለው ክረምት መውጫ ተላልፏል።» ከዚያ ጭቃ የነካውን ጃንጥላቸውን አጥበው ከአጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ናስረዲንም «እስከሚቀጥለው ክረምት መውጫ እኔ ጋ ይቆይ» ብለው ወዲያውኑ ወሰዱት።